ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን፦ የመሬት ዘመናት በአንባቢያን ጥያቄ

ስለ መሬት ዕድሜና ስለ ዘመናት አከፋፈል የደረሱን ጥያቄዎች ተጠራቅመው ስለነበር የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል። ከዚህ በታች “252 ሚሊዮን” ስንል ከዛሬ 252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ የመሬትን ዘመናት ሰንጠረዥ ይሸመድዳሉ፤ ፈተናው ሲያልፍ ግን ዳይኖሰርንና የዋሻ ሰውን አንድ ቀን ላይ ያገናኟቸዋል። ኢዮን፣ ኢራ፣ ፔሬድ የሚባሉትንም ያምታታሉ። ብዙ ወጪ በማይጠይቅ ነገር በክፍል ውስጥ እንዴት ላሳያቸው? (የጂኦግራፊ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ተማሪዎችዎን አይቆጧቸው፤ የሚያሳስታቸው ሰንጠረዡ ራሱ ነው። መጽሐፉ ላይ ለፕሪካምብሪያን አንድ ረድፍ፣ ለሴኖዞይክም አንድ ረድፍ ተሰጥቷል። የመጀመሪያው አራት ቢሊዮን ዓመት ሲሆን ሁለተኛው 66 ሚሊዮን ነው። ስድሳ እጥፍ የሚበላለጡ ነገሮች እኩል ተሥለው ያየ ልጅ ሉሲን ከዳይኖሰር ጎረቤት ቢያደርጋት ምን ይገርማል?

መጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ። ትልቁ ክፍል ኢዮን ነው። አራት ናቸው፤ ሄዲያን፣ አርኪያን፣ ፕሮቴሮዞይክና አሁን ያለንበት ፋኔሮዞይክ። ፋኔሮዞይክ በሦስት ኢራ ይከፈላል፤ ፓሊዮዞይክ፣ ሜሶዞይክ፣ ሴኖዞይክ። ኢራው በፔሬድ፣ ፔሬዱ በኢፖክ ይከፋፈላል። ለተማሪ “ፔሬድ” ማለት ደወል እስኪደወል ያለው ደቂቃ ስለሆነ ሳቅ ቢሰሙ ይታገሡ፤ ክሪቴሽየስ የሚባለው ፔሬድ ብቻውን ወደ 79 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደቆየ ሲነግሯቸው ሳቁ ይበርዳል። ፕሪካምብሪያን ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ኢዮኖች የተሰጠ የወል ስም ነው። የቆዩ መጻሕፍት “ፕሪካምብሪያን ኢራ” የሚሉት ተማሪውን ያሳስታል፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያርሙት።

አሁን ወደ ሥራው። ሱቅ ውስጥ ደረሰኝ የሚታተምበትን የወረቀት ጥቅል አንድ ይግዙ። 1 ሚሊ ሜትር ለአንድ ሚሊዮን ዓመት ይስጡ። የመሬት ዕድሜ 4.54 ቢሊዮን ዓመት ስለሆነ 4 ሜትር ከ54 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከመሬት መወለድ ጀምሮ እየለካ ይመጣና ስሕተቱ ተጠራቅሞ መጨረሻው ላይ፣ ሚሊ ሜትር ዋጋ ባለው ቦታ፣ ሁሉም ይዛነፋል። “ዛሬ” ብለው ከጻፉበት ጫፍ ይጀምሩና ወደ ኋላ ይለኩ። የሜትሩ ዜሮ ሁልጊዜ ዛሬ ላይ ይሁን።

በ66 ሚሊ ሜትር ሜሶዞይክ ያበቃል፤ ዳይኖሰሮችም አብረው። በ252 ፓሊዮዞይክ ያበቃል። በ539 የካምብሪያን መግቢያ ነው፤ ዛጎልና ቅርፊት ያላቸው እንስሳት በብዛት የሚታዩት ከዚያ ወዲህ ነው። እስከዚህ ድረስ የተጠቀሙት ከግማሽ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ወረቀት ነው፤ ገና አራት ሜትር ይቀርዎታል። ከዚያ በ2,500 ፕሮቴሮዞይክ ይጀምራል፤ ከእሱ አጠገብ በ2,400 ገደማ ኦክስጅን በከባቢ አየር ውስጥ መከማቸት ጀመረ። በ3,480 በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ የተገኙት፣ ጥቃቅን ሕዋሳት ድር እየሠሩ ንብርብር አድርገው የተዉአቸው ድንጋዮች ይቀመጣሉ። በ4,000 ገደማ ሄዲያን ያበቃል። ልጆቹ ረጅሙን ባዶ ወረቀት ሲያዩ “እዚህ ምን ነበር?” ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ባክቴሪያና መሰሎቹ ነው፤ ከመሬት ዕድሜ 88 በመቶው በዚያ ወረቀት ላይ አለ።

ከዚያ ወደ ዛሬው ጫፍ ይመልሷቸው። የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሠራው ጥቁር ድንጋይ) 30 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ሉሲ 3.2 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው። የእኛው ዝርያ ሰው ግን ከእስክርቢቶ መስመር ውፍረት ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። በወረቀት ፈንታ ክር ለመጠቀም ካሰቡ ናይለን አይሁን፤ ሲወጠር ይረዝማል፤ ሲባጎ ይሻላል። የደረሰኝ ወረቀትም ሙቀት ሲያገኘው ስለሚጠቁር ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አይለጥፉት።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ስመላለስ የአባይ ገደል ላይ ድንጋዩ ቀለሙን ሲቀያይር አያለሁ። ጥቁር፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ታች ደግሞ ቀይ። ምንድን ነው? ለምንስ ነው መንገዱ ሁልጊዜ አንድ አካባቢ የሚሰምጠው? (ከቡሬ)

መልስ፦ እርስዎ በየሳምንቱ የሚወርዱበትን ቁልቁለት ለማየት የጂኦሎጂ ተማሪዎች ከሩቅ ይመጣሉ። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ በድንጋዩ ዕድሜ ሲቆጠር ደግሞ ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ንጣፎቹ ብዙም ሳይገለባበጡ ጋደም ብለው የተቀመጡ ስለሆኑ የታችኛው ምንጊዜም ከላይኛው ይቀድማል።

አፋፉ ላይ ጎሐ ጽዮንና ደጀን የተቀመጡበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። 30 ሚሊዮን ገደማ ላይ መሬት ተሰንጥቆ የፈሰሰ ላቫ ንጣፍ በንጣፍ እየተከመረ የሠራው ነው፤ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ውፍረቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ባለ አምስትና ባለ ስድስት ማዕዘን ምሰሶ መስሎ የቆመ ድንጋይ ካዩ፣ ላቫው ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ የተሰነጠቀበት ነው። በሁለት ጥቁር ንጣፎች መካከል ቀጭን ቀይ መስመር ካዩ ደግሞ ያ የጥንት አፈር ነው። አንዱ ፍሰት ቆሞ ሌላው እስኪመጣ አፈር ለመብሰል የሚበቃ ጊዜ ነበረ ማለት ነው።

ከባዛልቱ ሥር የአሸዋ ድንጋይና ቀይ ቡናማ ጭቃማ ንጣፍ ይመጣል። ይህ የጁራሲክ ማብቂያና የክሪቴሽየስ መጀመሪያ ነው (ሁለቱም የሜሶዞይክ ፔሬዶች ናቸው)፤ ባሕሩ ሸሽቶ ወንዞች አሸዋና ደለል ያመጡበት ጊዜ።

ባሕር? አዎ፣ ባሕር። ቀጥሎ የሚያገኙት ቢጫማና ግራጫ የኖራ ድንጋይ፣ ወደ 400 ሜትር ገደማ የሚወፍረው፣ በጁራሲክ ጊዜ ከደቡብ ምሥራቅ ገብቶ የነበረ ባሕር ወለል ነው። ጂኦሎጂስቶች አንታሎ ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው በትግራይ ካለችው አንታሎ ነው። ቀረብ ብለው ቢያዩት ዛጎልና የኮራል ስባሪ ይገኝበታል። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚፈጨው ድንጋይ የዚህ ባሕር ነው፤ በባሌ የሶፍ ዑመር ዋሻ የተቦረቦረበትም እንደዚሁ።

ከኖራው በታች ነጩ ይመጣል። ጀሶ ነው፣ ከአረንጓዴና ግራጫ ሸክላማ ንጣፍ ጋር እየተፈራረቀ። ባሕሩ ገና ሲገባ ጥልቀት ስላልነበረው ውኃው በፀሐይ ሲተን ጀሶው ወለሉ ላይ ቀረ፤ ዛሬም በአፋር ጨው የሚቀረው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ይህ ክፍል ስሙ በከተማዋ “የጎሐ ጽዮን ንጣፍ” ይባላል፤ የመንገድዎም ጠላት እሱ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በኖራው ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ይወርዳል፤ ሸክላማው ንጣፍ ላይ ሲደርስ ግን ማለፍ አይችልም። ሸክላው ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ጀሶው ደግሞ ቀስ በቀስ ይሟሟል። በላዩ ላይ ከገደሉ የተናደ አፈርና ቋጥኝ ተከምሮበት ስለሚኖር ክብደቱን መሸከም ያቅተውና ከነአስፋልቱ ወደ ወንዙ ይንሸራተታል። አስፋልቱን ደጋግሞ መጠገን ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ውኃው ሸክላው ላይ ከመድረሱ በፊት በቦይ ካልተወሰደ የሚንሸራተተው ከሥር ያለው ነው።

ድልድዩ አካባቢ ያለው ቀይ ድንጋይ አዲግራት የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ባሕሩ ከመግባቱ በፊት፣ ከትሪያሲክ (ከጁራሲክ ከሚቀድመው ፔሬድ) እስከ ጁራሲክ መጀመሪያ፣ ወንዞች ያነጠፉት። ከእሱም በታች ያለውን መሠረት ለማየት ወንዙን ተከትሎ ወደ ምዕራብ መሄድ ያስፈልጋል። ያ ከ540 ሚሊዮን የሚበልጠው፣ በሙቀትና በግፊት የታጠፈው የፕሪካምብሪያን ድንጋይ ነው። የአዶላና የወለጋ ወርቅ የሚወጣው ከዚህ መሠረት ነው።

አንድ ነገር ግን ያስተውሉ። ይህ መጽሐፍ የተቀደዱ ገጾች አሉት። በመሠረቱና በቀዩ አሸዋ መካከል ፓሊዮዞይክ የሚባለው ዘመን አብዛኛው ጎድሏል፤ በላይኛው አሸዋና በባዛልቱ መካከል ደግሞ ቢያንስ 70 ሚሊዮን ዓመት የለም። መሬቱ ከፍ ብሎ ደለል ሳይቀበል፣ እንዲያውም የነበረውን እያጣ የቆየበት ጊዜ ነው። የፓሊዮዞይክን ገጽ የፈለገ ወደ ትግራይ ይሂድ። በእንጢጮና በዕዳጋ ዓርቢ የበረዶ ግግር እየጎተተ ያመጣቸው ቋጥኞችና የጫራቸው ድንጋዮች አሉ፤ አገራችን ጎንድዋና የሚባለው ታላቅ አህጉር አካል ሆና ለደቡብ ዋልታ በቀረበችበት ጊዜ የተጻፉ ናቸው። በዚያው በትግራይ ነጋሽ አካባቢ ያለው ደግሞ ከዚህም ይቀድማል፤ 720 ሚሊዮን ገደማ ላይ መሬት ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ በበረዶ የተሸፈነችበትን ጊዜ ከመዘገቡት የዓለም ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ዳይኖሰር ነበር? ከነበረስ ዳይኖሰሮችን ያጠፋው የተወርዋሪ አካል አመድ የት ይታያል? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደሴ)

መልስ፦ ነበር። በሙገር ሸለቆ አካባቢ፣ ለሹፌሩ በነገርነው ከኖራው ድንጋይ በላይ ባለው ጭቃማ ንጣፍ ውስጥ፣ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ጥርስ ተገኝቷል። ሙሉ አጽም አትጠብቅ፤ የወንዝ ደለል አጥንትን ይሰባብራል፣ ጥርስን ግን ብዙ ጊዜ ይምረዋል።

አመዱን በአባይ ገደል አታገኘውም፤ ከተቀደዱት ገጾች በአንዱ ላይ ነበረ። 66 ሚሊዮን ላይ በሜክሲኮ ቺክሹሉብ የወደቀው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ጉድጓድ ሠርቶ ዓለምን በትቢያ ሸፈነ። ትቢያው በመሬት ገጽ ላይ እምብዛም የማይገኘውን ኢሪዲየም የተባለ ብረት ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የፊዚክስ ሊቁ ሉዊስ አልቫሬዝና ጂኦሎጂስቱ ልጁ ዋልተር ከባልደረቦቻቸው ጋር በጣሊያን ጉቢዮ ካለ ጣት በማይሞላ የሸክላ ንጣፍ ውስጥ ይህን አይተው ነው ነገሩን ያወጡት። ከእኛ አህጉር ማየት ከፈለግህ ቱኒዚያ፣ ኤል ኬፍ ነው። ዓለም ሁሉ የሜሶዞይክን ማብቂያ የሚለካው በዚያ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ “30 ሚሊዮን ዓመት” ሲባል እንዴት ታወቀ? ካርቦን የሚባለው ምርመራ እስከዚያ ድረስ ይሄዳል? ሉሲንስ በምን ለኳት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ካርቦን አይሄድም። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ50,000 ዓመት በላይ ሲሆን የሚቀረው ኢምንት ስለሆነ ናሙናውን የነካ ጣት እንኳ ውጤቱን ያበላሸዋል። “በካርቦን ተመርምሮ የሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው” የሚል ጽሑፍ ካነበቡ ጸሐፊው አልገባውም።

ለእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚያገለግለው ሌላ ሰዓት ነው። ፖታሲየም 40 እየተለወጠ ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ያመልጣል፤ ሲጠነክር ግን ክሪስታሉ ውስጥ ይታሰራል። ስለዚህ ሰዓቱ ከዜሮ የሚነሣው ላቫው ወይም አመዱ በቀዘቀዘበት ቀን ነው።

በቤተ ሙከራ የሚደረገው በአጭሩ እንዲህ ነው። አየርና ውኃ ያልበላው ድንጋይ ተመርጦ ይፈጫል፣ ይነፋል። ከውስጡ ሳኒዲን የሚባለው ፖታሲየም የበዛበት ክሪስታል በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ይለቀማል። ዕድሜው ከታወቀ ናሙና ጋር ሆኖ በኒውክሌር ሪአክተር ውስጥ ጨረር ይመታል፤ ይህም ከፖታሲየሙ የተወሰነውን ወደ ሌላ ዓይነት አርጎን ስለሚለውጠው ሁለቱንም በአንድ መሣሪያ ለመለካት ያስችላል። በመጨረሻ ክሪስታሉ በሌዘር ይቀልጥና የወጣው ጋዝ ይለካል።

የሚበላሸው በሁለት በኩል ነው። ድንጋዩ የበሰበሰ ከሆነ አርጎኑ ስለሚያመልጥ ከእውነተኛ ዕድሜው አንሶ ይታያል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ከሥሩ የነበረ የቆየ ድንጋይ ክሪስታል ይዞ ከወጣ ደግሞ ዕድሜው ይንራል። አንድ አንድ ክሪስታል ለየብቻ የሚለካው ለዚህ ነው፤ እንግዳው ከመካከላቸው ተለይቶ ይታወቃል።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ሉሲ አጥንቷ አልተለካም። የተለካው በአጥንቷ አቅራቢያ ያለው የአመድ ንጣፍ ነው፤ 3.18 ሚሊዮን። ከኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የጥንት ሰው ነገር ደግሞ ይህ አሠራር ምን ያህል እንደሚሻሻል ያሳያል። ለብዙ ዓመታት 195,000 ዓመት ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት ከአጥንቱ በላይ ያለው አመድ በኬሚካል ይዘቱ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር አንድ መሆኑ ተረጋገጠ። ያ ፍንዳታ 233,000 ዓመት ገደማ ነው። አጥንቱ ከአመዱ በታች ስለሆነ ከዚያም ይበልጣል።

የመሬት ዕድሜ ራሱ የመጣው ከሌላ ሰዓት፣ ከዩራኒየም ወደ እርሳስ ከሚሄደው ነው (ልጆች የሚጽፉበት ሳይሆን ብረቱ እርሳስ)። እ.ኤ.አ. በ1956 ክሌር ፓተርሰን የጠፈር ድንጋዮችን ለክቶ 4.55 ቢሊዮን ብሎ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ የተንቀሳቀሰው በጥቂቱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር ሙዚየም ሄደን አምስት ታላላቅ እልቂቶች እንደነበሩ አየን። ትልቁን ያመጣው በሳይቤሪያ የፈሰሰ ላቫ ነው ይላል። ልጄ “የእኛስ ላቫ ለምን አላጠፋም?” አለችኝ። መልስ አጣሁ። (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ልጅዎ የጠየቀችው ጂኦሎጂስቶችም የሚጠይቁትን ነው።

አምስቱ እነዚህ ናቸው፤ በኦርዶቪሺያን ማብቂያ 445 ሚሊዮን፣ በዴቮኒያን ኋለኛ ክፍል 372 ገደማ፣ በፐርሚያን ማብቂያ 252፣ በትሪያሲክ ማብቂያ 201፣ በክሪቴሽየስ ማብቂያ 66። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ከባሕር ዝርያዎች ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ጠፍተዋል። ፓሊዮዞይክ የሚያበቃውም በዚያ ምክንያት ነው። የዘመናቱ ድንበር የተሰመረው በድንጋዩ ውስጥ ያሉት ቅሪተ አካላት በድንገት በተለወጡበት ቦታ ላይ ነው፤ ከድንበሩ በታች የነበሩት ብዙዎቹ ከድንበሩ በላይ የሉም።

አንዱ ልዩነት መጠኑ ነው። የሳይቤሪያው ላቫ በሚሊዮን የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ኩብ ነው፤ የኢትዮጵያና የየመኑ (ያኔ ቀይ ባሕር ገና አልተከፈተም፣ አንድ አገር ነበሩ) በመቶ ሺሕ የሚቆጠር። ከመጠኑ ይበልጥ የሚያሳምነን ግን ላቫው ያለፈበት ነገር ነው። የሳይቤሪያው ቅልጥ ድንጋይ ወደ ላይ ሲወጣ የድንጋይ ከሰል፣ ጨውና የኖራ ድንጋይ የሞላበትን ወፍራም ደለል ሰንጥቆ ገባ፤ ደለሉን ጠበሰው። ከከሰሉ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን፣ ከጨው የወጣው ጋዝ ተደምሮ ዓለምን አሞቀ፣ ባሕሩን አሲዳማ አደረገ፣ ኦክስጅኑንም አሳጣው። የእኛው ደግሞ አብዛኛውን ያፈሰሰው መሬት በቀዘቀዘችበት፣ በአንታርክቲካ ላይ በረዶ በተከማቸበት ጊዜ ነው።

እንዲያውም በኢትዮጵያ ላቫው ካበቃ ከጥቂት ሚሊዮን ዓመት በኋላ ሕይወት ምን እንደሚመስል ማየት ይቻላል። ከጎንደር በስተምዕራብ በጭልጋ፣ 27 ሚሊዮን ገደማ ከሆነ ንጣፍ፣ የዝሆን ጥንታዊ ዘመዶችና ሁለት ግዙፍ ቀንዶች በአፍንጫው ላይ ያበቀለ አርሲኖይቴሪየም የሚባል እንስሳ አጥንት ወጥቷል። አፍሪካና ዓረቢያ ያኔ ከእስያ ጋር ገና በየብስ አልተገናኙም፤ አንበሳም ሜዳ አህያም በምድራችን አልነበረም።

ጥያቄ፦ መቀሌ አቅራቢያ ቀንድ አውጣና ዛጎል የሚመስል ድንጋይ አገኘሁ። እውነተኛ ቅሪተ አካል መሆኑን እንዴት ልወቅ? ቤት ወስጄ ልጠበው? (ከመቀሌ)

መልስ፦ የመቀሌ ዙሪያ የአንታሎ ድንጋይ ስለሆነ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ዕድሜውም ከ150 ሚሊዮን የሚበልጥ የጁራሲክ ባሕር ፍጥረት ይሆናል። ዛጎሉ ሁለት ክዳን ካለው ገጣጥመው ያስተውሉት። ሁለቱ ክዳኖች እንደ ግራና ቀኝ እጅ ከተመሳሰሉ ዛሬም ከሚበሉት የባሕር ዛጎሎች ወገን ነው። አንዱ ክዳን ከሌላው ተለቅ ብሎ፣ ግን እያንዳንዱ ክዳን በመካከሉ ቢከፈል ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ብራኪዮፖድ የሚባለው ነው፤ በፓሊዮዞይክ ባሕሩን የሞላ፣ ዛሬ ጥቂት ብቻ የቀረ። ድንጋይ ላይ የተሣለ የሚመስል ጥቁር ቅጠል ካገኙ ግን አይደሰቱ፤ ማንጋኒዝ በስንጥቅ ውስጥ ሲሰርግ የሠራው ቅርጽ ነው፣ ቅጠል አይደለም።

በኮምጣጤም በሎሚም አይጠቡት። ዛጎሉም ድንጋዩም ኖራ ስለሆነ አብረው ይሟሟሉ። ድንጋዩ ኖራ መሆኑን ለመፈተን ከቅርጹ ርቆ ባለው ስባሪ ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉ፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከቦታው አለማንሣት ነው። ከንጣፉ የተነቀለ ቅሪተ አካል ዕድሜውን ለማወቅ የሚያስችለውን ምስክር ያጣል። ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡ፣ ቦታውን በስልክዎ ጂ.ፒ.ኤስ. ይመዝግቡ፣ ከሥሩና ከላዩ ያለው ድንጋይ ምን እንደሚመስል ይጻፉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የአገሩን ቅሪተ አካል ስለሚጠብቅ መሸጥም ከአገር ማስወጣትም አይቻልም። ለአካባቢዎ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። አጥንት ከመሰለ፣ በተለይም ጥርስ ካለው፣ አንድ ቀን አይቆዩ።

ጥያቄ፦ በደላንታ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣው ለምን ከአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው? ከላዩም ከሥሩም ስንቆፍር ምንም የለም። (ከወገል ጤና)

መልስ፦ ላዩና ሥሩ አብዛኛው ባዛልትና ሌላ የእሳተ ገሞራ ንጣፍ ነው። መስመሩ ግን ብርጭቆ የበዛበት አመድ ነው። አመዱ ከወደቀ በኋላ፣ ቀጣዩ ፍሰት ሳይሸፍነው፣ ዝናብ ሰርጎበት ወደ አፈርነት ሲለወጥ ከብርጭቆው የተለቀቀው ሲሊካ (የብርጭቆ ዋና ንጥረ ነገር) በስንጥቆቹና በቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀስ ብሎ ተጠራቅሞ ኦፓል ሆነ። ስለዚህ መስመሩን ተከትሎ ወደ ጎን መሄድ እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች መቆፈር አያዋጣም። ወደ ጎን ስትገቡ ግን አመዱ ለስላሳ፣ በላዩ ያለው ገደል ከባድ መሆኑን አትርሱ። ያለ ድጋፍ እንጨት የተቦረቦረ ጉድጓድ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ ይደረመሳል።

ጥያቄ፦ አሁን ያለንበት ዘመን “አንትሮፖሲን” ነው ሲባል ሰማሁ። ልጆቼ ፈተና ላይ ይጻፉት? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይጻፉት። የሰው ልጅ መሬትን ስለለወጠ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሚጀምር አዲስ ኢፖክ ይሰየም የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ በካናዳ የክሮፎርድ ሐይቅ ደለል ለምልክትነት ተመርጦ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በድምፅ ውድቅ ሆኗል። ትክክለኛው መልስ ፋኔሮዞይክ ኢዮን፣ ሴኖዞይክ ኢራ፣ ኳተርነሪ ፔሬድ፣ ሆሎሲን ኢፖክ ነው። ሆሎሲን የጀመረው የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ፣ ከ11,700 ዓመት በፊት ነው፤ በመምህሩ ወረቀት ላይ ከሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ብዙም አይዘልም።